ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት፦ ብሬል እንዴት ይሠራል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ማሲንቆ፤ ቀስ እያለ ይቀንስና ይጠፋል)

(ድምፅ፦ ወፍራም ወረቀት በሹል ብረት ሲወጋ። ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። አጭር ዝምታ። ጥቅ። አጭር ዝምታ። ጥቅ፣ ጥቅ።)

አቅራቢ፦ አሁን የሰማችሁት ድምፅ የምን ይመስላችኋል? ቁርበት የሚሰፋ ሰው ነው ያላችሁ አትጠፉም። ሰፌድ የምትሰፋ እናት ወስፌዋን ስትሰካ ነው ያላችሁም ትኖራላችሁ። ከእውነቱ ብዙም አልራቃችሁም።

ሰው እየጻፈ ነው። የጻፈው አንድ ቃል ነው። ቃሉ ምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ምቱን ብቻ ያዙልኝ፦ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ብሬል ነው፤ በጣት ስለሚነበበው ጽሑፍ። ማን ሠራው የሚለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ሰፊ ጊዜ የምንሰጠው እንዴት ይሠራል ለሚለው ነው። መጽሐፉ፣ ካርታው፣ የፈተናው ወረቀት ለዓይነ ስውር ተማሪ እንዴት ይዘጋጃል? እኛስ እዚሁ ባለን ነገር ምን መሥራት እንችላለን?

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ ጎንደር የጆሮ ትምህርት አገር ናት። የበዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ዜማ ማስመስከሪያ መሆኑን የማያውቅ የለም። የቆሎ ተማሪው ዜማውን ከየኔታ አፍ ይቀበላል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ሌሊት ይቀጽላል። በዚህ መንገድ የዓይን ብርሃን የሌላቸው ልጆች ከጓደኞቻቸው እኩል ተምረዋል፣ አልፈውም ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል። ይህን ሀብት በብዙ አገር አታገኙትም።

ታዲያ ጆሮ ይህን ያህል ከሠራ፣ አሁን ደግሞ ስልክም መጽሐፍ ማንበብ ከቻለ፣ ብሬል ለምን ያስፈልጋል?

እስቲ ይህን አስቡት። ልጃችሁ ከሩቅ አገር ደብዳቤ ጻፈላችሁ። እናንተ ማየት አትችሉም። ማን ያነብላችኋል? የጎረቤት ልጅ ይጠራል። የጎረቤት ልጅ የልጃችሁን ምስጢር ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል። የባንክ ወረቀት ሲመጣም እንዲሁ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣም እንዲሁ።

ጆሮ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ስልክ የሚያነብለት ሰው ከሰው ጥገኝነት ይድን ይሆናል፤ ግን እሱም ቃሉን ይሰማዋል እንጂ ፊደሉን አይነካውም። ፊደል ነክቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ መጻፍ ላይ ይቸገራል። ሒሳብ ላይማ ብሶ ይቸገራል፤ አንድ ረጅም የማካፈል ስሌት በጆሮ ብቻ ይዛችሁ ሞክሩት!

ለብቻ ማንበብ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ፣ አንድ መስመር ላይ ቆሞ ማሰብ የሚቻለው በብሬል ነው። ደግሜ ልበለው፦ ለብቻ ማንበብ።

(ድምፅ፦ ጣት በወረቀት ላይ ሲሄድ)

አቅራቢ፦ የብሬልን ታሪክ ምናልባት ሰምታችሁታል። ሉዊ ብሬል በ1809 በፈረንሳይ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። ይህና ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። ሕፃኑ በአባቱ የሥራ ቦታ ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፤ ቁስሉ ወደ ሌላኛው ዓይኑ ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ።

ፓሪስ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳለ፣ ሻርል ባርቢዬ የተባለ ሰው ባለ 12 ነጥብ ጽሑፍ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን 12 ነጥብ በአንድ ጣት ሥር አይገባም። ሉዊ ወደ 6 አወረደው። በ1824 መልክ ሲያስይዘው ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ባርቢዬ ዓይናማ ነበር፣ በዓይኑ መዘነው። ሉዊ በጣቱ መዘነው። በዚህ ዝግጅት የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመለሳል፦ ለጣት የሚሠራ ነገር በጣት ካልተፈተሸ አይሆንም።

ወደ እኛ አገር ብሬልን ያመጡት ሚሲዮናውያን ናቸው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ። ከዚያ እንደ ሰበታው መርሐ ዕውራን ያሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መጡ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም በ1960 ተቋቋመ።

(የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ አሁን እንሥራ። እቤት ያላችሁ፣ ስድስት ሽምብራ አምጡልኝ። ሽምብራ ከሌለ ባቄላ ይሁን።

(የ5 ሴኮንድ ዝምታ)

መጣላችሁ? ሁለት ረድፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ በግራ ሦስት ከላይ ወደ ታች፣ በቀኝም ሦስት ከላይ ወደ ታች። በግራ ያሉት ቁጥራቸው 1፣ 2፣ 3 ነው። በቀኝ ያሉት 4፣ 5፣ 6። ይህ አንድ ቤት ነው። አዋቂዎቹ ሴል ይሉታል፣ እኛ ዛሬ ቤት እንበለው። በብሬል የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ ቤት ይወጣል። አንዳንዱን ሽምብራ ታነሣላችሁ፣ አንዳንዱን ትተዋላችሁ። በዚህ መንገድ 63 ዓይነት መልክ ይገኛል።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅ። የእኛ ፊደል ስንት ነው? ከ200 በላይ ነው። 63 መልክ ይዘን ከ200 በላይ ፊደል እንዴት እንጽፋለን?

ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ሳታውቁት ነው የምታውቁት። ለ ግዕዝ፣ ሉ ካዕብ፣ ሊ ሣልስ፣ ላ ራብዕ፣ ሌ ኃምስ፣ ል ሳድስ፣ ሎ ሳብዕ። ሰባቱም አንድ ዘር ናቸው፤ የሚለያቸው ድምፁ ነው። የአማርኛ ብሬል ይህን ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ቤት የፊደሉ ዘር ይጻፋል፤ በሁለተኛው ቤት ድምፁ ይከተላል። ሳድሱ ብቻ ተከታይ የለውም፣ ለብቻው ይቆማል።

እንሞክረው። ል ነጥብ 1፣ 2፣ 3 ነው። በግራ ያሉትን ሦስት ሽምብራዎች ተዉና የቀኙን አንሡ። ል ተጻፈ። ብ ደግሞ ነጥብ 1 እና 2 ነው። ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ምን ይነበባል? ልብ።

ልብን በሁለት ቤት ጻፋችሁ። አሁን ል የነበረውን ላ እናድርገው። የራብዑ ድምፅ፣ የ«አ» ድምፅ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ነጥብ 1። እንግዲህ ል፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ፣ ከዚያ ብ። ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት።

(ድምፅ፦ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። ጥቅ። ጥቅ፣ ጥቅ።)

ላብ! መጀመሪያ የሰማችሁት ቃል ይህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ዋና ቦታ ደረስን። በልብና በላብ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ነጥብ ናት፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ከፍ የማትል እብጠት። መጽሐፉ ላይ ሌላ መጽሐፍ ተጭኖበት፣ ወይም ወረቀቱ ስስ ሆኖ፣ ወይም መርፌው ደንዞ ያቺ ነጥብ ብትጠፋ፣ አንባቢው «በላቡ ያደረ ገበሬ» የሚለውን «በልቡ ያደረ ገበሬ» ብሎ ያነባል። ስህተት መሆኑን እንኳ አያውቅም። በቀለም የታተመ ጽሑፍ ሲደበዝዝ ዓይን ይጠራጠራል፤ የጠፋች ነጥብ ግን እንደሌለች ናት።

(የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ ብሬል የሚጻፍባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ድምፁን ሰምታችኋል። ስሌትና ስታይለስ ይባላል። ስሌቱ ማጠፊያ ያለው ሠሌዳ ነው፤ የላይኛው ላይ ትንንሽ መስኮቶች፣ የታችኛው ላይ ጎድጓዳ ነጥቦች አሉት። ወረቀቱ በመካከል ይገባል። ስታይለሱ አጭር ወስፌ ነው፣ መዳፍ ውስጥ የሚቀመጥ እጀታ ያለው። ጸሐፊው ከላይ ይወጋል፣ ነጥቡ ከወረቀቱ ጀርባ ያብጣል። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል! ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በቀኝ የሚወጋው ነጥብ 1 ሲገለበጥ ወደ ግራ ይመጣል። ልጆች ይህን በፍጥነት ይለምዱታል፤ የምንቸገረው እኛ አዋቂዎቹ ነን።

ስሌት ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መብራት አይፈልግም። ከጃናሞራ ገደል ወርዶ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ደብተር የለም። ጉድለቱ የጻፈውን ለማንበብ ወረቀቱን ማውጣት የግድ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ፐርኪንስ የሚባለው የብሬል ጽሕፈት መኪና ነው። ዴቪድ አብርሃም የተባለ የእንጨት ሥራ መምህር በአሜሪካ ፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሠራው፤ በ1951 ለገበያ ወጣ። የነጥብ ቁልፎቹ ስድስት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ። አንድ ቤት በአንድ ምት ይወጣል። ላብን በወስፌ ስድስት ጊዜ ወጋነው፤ በፐርኪንስ ሦስት ጊዜ መጫን ይበቃል። ነጥቡም ወደ ላይ ስለሚያብጥ የጻፋችሁትን እዚያው ታነቡታላችሁ። ክብደቱ ግን ወደ 5 ኪሎ ነው። ውድም ነው። በጀርባ ተሸክሞ ዳገት ለመውጣት አይመችም።

ሦስተኛው ኮምፒውተርና የብሬል ማተሚያ ነው። ጽሑፉ በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ሶፍትዌር ፊደሉን ወደ ነጥብ ይለውጠዋል፤ ማተሚያው በትንንሽ መዶሻዎች ወረቀቱን እየመታ ያወጣዋል። ጩኸቱ ከባድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ማውራት ያስቸግራል። በገጹ መካከል መብራት ከጠፋ ያ ገጽ ይጣላል።

እዚህ ላይ መምህራንን፣ የቢሮ ጸሐፊዎችንና የመጽሐፍ አሳታሚዎችን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። አማርኛውን ስትጽፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት በሚያውቀው ፊደል፣ ጻፉ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የድሮ የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደሎች ግን ስክሪን ላይ «ለ» ቢመስሉም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጡት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነው ነው። ሶፍትዌሩ መልካቸውን አያይም፤ የተቀመጡትን ያነባል። 30 ገጽ የፈተና ጥያቄ ይሰጡታል፣ 30 ገጽ ትርጉም የለሽ ነጥብ ያወጣል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተይበዋል። ፈተናው ደግሞ ነገ ነው! አንዲት የፊደል ምርጫ የአንድን ተማሪ ፈተና ታዘገየዋለች። ደግሜ ልበለው፦ በዩኒኮድ ጻፉ። ፈተናውንም ለዓይነ ስውር ተማሪያችሁ ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ ለሚያዘጋጀው ሰው ስጡት።

ከዚያስ? ታተመ ማለት አለቀ ማለት ነው? አይደለም። አሁን አራሚው ይመጣል። አራሚው ዓይነ ስውር አንባቢ መሆን አለበት። ዓይናማው ረዳት ዋናውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ዓይነ ስውሩ በጣቱ ይከተላል። ጣቱ ሲቆም ስህተት ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሥራ ለበጎ ፈቃድ ብቻ መተው ተገቢ አይመስለኝም። ሙያ ነውና ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው መጽሐፍ እየሠራን እሱን ከሥራው ውጪ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው።

መጽሐፉ ሲጠረዝ ደግሞ ይከብዳል። አብዛኛው የአማርኛ ፊደል ሁለት ቤት ይወስዳል፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። ቦርሳ ውስጥ የምትገባ አንዲት የመማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ትሆናለች። ጥራዞቹ እንዴት ይቀመጡ? ቆመው! አንዱ በሌላው ላይ አይነባበር። የእህል ጆንያ ያህል ክምር ሆኖ ጥግ የተጣለ የብሬል መጽሐፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የታችኛውን ገልጬ ጣቴን ባሳርፍበት ልሙጥ ወረቀት ሆኗል። ስንት ሰው የደከመበት ሥራ ነበር!

(የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ስለ ፊደል ተናገርን። ሥዕሉስ? ካርታውስ?

ከብዙ ዓመት በፊት መምህር ሳለሁ የጂኦግራፊ ክፍሌ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። ልረዳው ፈለግሁ። የኢትዮጵያን ካርታ ወፍራም ወረቀት ላይ ገለበጥሁና ሌሊቱን ሁሉ መስመሩን በወስፌ እየወጋሁ አደርሁ። ወንዙን፣ መንገዱን፣ የክልሉን ወሰን፣ ተራራውን፣ ከተማውን፣ አንድም አልተውሁም። ጠዋት በኩራት ሰጠሁት።

እጁን አሳረፈበት። ወዲያ ወዲህ ሄደ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የተዘራ ጤፍ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዓይን ከሩቅ ሆኖ ሙሉውን ያያል፣ ከዚያ ዝርዝሩን ይመርጣል። ጣት ግን ከዝርዝሩ ነው የሚጀምረው። እያንዳንዷን ነጥብ በየተራ አግኝቶ፣ ሙሉውን በሐሳቡ ይገነባል። ሁሉንም መስመር ከሰጠነው ምንም አልሰጠነውም። ዓባይን ማስተማር ከፈለግን ዓባይን ብቻ እንስጠው። ወሰኑ በሌላ ወረቀት ይሁን።

ቆይተን አንድ ላይ ሠራነው፤ እሱ እየነካ፣ እኔ እየለጠፍሁ። የጣናን ዳርቻ በሲባጎ ዞርነው። ውኃውን ልሙጥ ተውነው። በየብሱ ላይ ሙጫ ቀብተን አሸዋ በተንበት። በሰሜን ዳር ጎርጎራ ላይ አንዲት አዝራር፣ በደቡብ ባሕር ዳር ላይ አንዲት፣ ለደቅ ደሴት አንድ ባቄላ። ከባሕር ዳር የሚወጣው ዓባይ ወፈር ያለ የቃጫ ገመድ ሆነ። ቁመቱ ሁለት መዳፍ የሚሸፍነው ብቻ ነው፤ ከዚያ ከሰፋ ጣት መንገድ ይጠፋዋል። በመጀመሪያ በየብሱ ላይ ገብስ ልንለጥፍ አስበን ነበር። እህል ግን ነቀዝ ይጠራል፣ አይጥም ይጠራል፤ አሸዋ ይሻላል። ባቄላዋንም በኋላ በጠጠር ተካናት።

የሰሜን ተራሮችንስ? «ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው» ብንለው ቁጥር ነው፣ ያልፋል። አሮጌ ካርቶን ቆርጣችሁ እየደራረባችሁ ለጥፉለት፤ እያንዳንዱ ንብርብር 500 ሜትር ይሁን። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጣቱ ከዚያ ተነሥቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ደረጃ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ገደሉን ይነካዋል። ዳባትና ደባርቅ በመንገዱ ላይ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተቀመጡም ያገኛቸዋል።

(ድምፅ፦ የሸክላ ዕቃ በጣት ሲነካ)

አቅራቢ፦ የጎንደር ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በፋሲል ግቢ አጠገብ የሚያድግ ዓይነ ስውር ልጅ፣ የፋሲል ግንብ ምን እንደሚመስል ያውቃል? ግንቡን ዳስሶት ይሆናል። የዳሰሰው ግን ድንጋይ ነው። ጣት ማማው ጫፍ አይደርስም። አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ክብ ማማዎች እንዳሉ፣ ጫፋቸው እንደ እንቁላል የተቀመጠ ጉልላት እንደሆነ በመዳሰስ አይታወቅም። ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ነው፤ ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ የጎረቤቱ ልጅ መልኩን አያውቅም።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል እናቶች ለብዙ ዘመን ሸክላ የሠሩበት መንደር ነው፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላው ሙያ አልጠፋም። ዛሬም እዚያ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች የሰውና የእንስሳ ምስል ለጎብኚ ይሠራሉ። መዳፍ የሚያህል የፋሲል ግንብ ለምን አናሠራቸውም? ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሙሉው ግንብ፣ ትንሽ ሆኖ፤ ሌላው አንድ ማማ ብቻ፣ ተለቅ ብሎ፣ መስኮቱና ጉልላቱ የሚዳሰስ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ ለማሳየትም የመላእክቱን ፊት ሁሉ መሥራት አያስፈልግም። አንድ ፊት፣ ከክንፎቹ ጋር፣ በደንብ ይሠራ። «ይህ ጣራውን ሞልቶታል፣ ሁሉም ወደ ታች ያያሉ» ቢሉት ልጁ ቀሪውን ይሥለዋል።

ስፌት የምታውቁ እናቶችም ለዚህ ሥራ ሩቅ አይደላችሁም። አንድ ሰፌድ ዙሩ የት እንደጀመረ፣ ጥለቱ የት እንደተቀየረ ጣታችሁ ያውቀዋል። ይህ እውቀት ለመዋዕለ ሕፃናት የሚሆን ስንት የመዳሰሻ መጽሐፍ ይወጣዋል! ጨርቁ ሻካራና ለስላሳ፣ ክሩ ቀጭንና ወፍራም ሆኖ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቅጠል፣ ዓሣ ይሰፋል። ብሬል የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ ጣቱን ማንቃት አለበት።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አቅራቢ፦ በአጭሩ የማልፋቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ ግን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

አንደኛው፣ የማየት ችግር ያለበት ሁሉ ብሬል አያስፈልገውም። በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከሺህ ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር፣ 37ቱ ደግሞ ማየት የደከማቸው ሆነው ተገኝተዋል። ለደከመ ዓይን ተለቅ ያለ ፊደል፣ ደማቅ ጥቁር ቀለም፣ የማያብለጨልጭ ወረቀት፣ መስኮት አጠገብ መቀመጫ ይበቃዋል። ከዓይነ ስውርነቱ ደግሞ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ ነበር፤ ትራኮማም ከመቶ ከ10 በላዩን ይዞ ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ወገኖቼ፣ አያታችሁን ቤት አስቀምጣችሁ «አረጁ» ከማለታችሁ በፊት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ውሰዷቸው። የዓይን ሽፋናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ የሚወጋቸውንም እንዲሁ።

ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። «መጽሐፉን ወደ ብሬል ለመለወጥ ደራሲው ካልፈቀደ አይቻልም» የሚል ፍርሃት ብዙ ቦታ አለ። በ2013 ማራኬሽ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ሀገራችንም በ2020 ተቀብላዋለች። ለትርፍ የማይሠሩ ተቋማት ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች ብለው የታተመ ሥራን ወደ ብሬል፣ ወደ ድምፅ፣ ወደ ትልቅ ፊደል እንዲለውጡ፣ ለሌላ አገር አንባቢም እንዲልኩ በር የሚከፍት ነው። ይህ ለአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ፋይል ጎንደርም፣ ዋሽንግተንም ሊታተም ይችላል ማለት ነው።

ጎንደር ላይ ለዚህ ሥራ መነሻ አለን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኅብረተሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም አለው፤ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየሄዱ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ያገኛሉ። እቤት የተቀመጠ ዓይነ ስውር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ አትሸሽጉት። የትነበርሽ ንጉሤን ስሟን ሰምታችኋል? ወሎ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች፤ ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ተማረች፤ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ግን ከወሎ እስከ ሻሸመኔ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አስቡ። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ፊደል ፍለጋ ከእናቷ ይህን ያህል መራቅ የለባትም። ስሌቱ፣ ወረቀቱና የሚያስተምራት ሰው ቤቷ አቅራቢያ ሊደርሱላት ይገባል።

(ማሲንቆው በቀስታ ይገባል)

አቅራቢ፦ ከመሰናበቴ በፊት የቤት ሥራ አለኝ፤ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፣ እቤታችሁ ያለ የመድኃኒት ካርቶን ፈልጉ፤ ከአውሮፓ የመጣ ቢሆን። ዳስሱት። ጥቃቅን እብጠቶች ካገኛችሁ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመድኃኒቱ ስም በብሬል እንዲጻፍ ያስገድዳል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነጥቦቹን ለመቁጠር ሞክሩ። የሚከብዳችሁ ከሆነ አይግረማችሁ፤ ጣታችሁ ገና አልተማረም።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። ሽምብራችሁን አልበላችሁትም አይደል? መልሳችሁ ደርድሩት። ሦስት ቤት ነው። የመጀመሪያው ነጥብ 1 እና 2፤ ሁለተኛው ነጥብ 1 ብቻ፤ ሦስተኛው ነጥብ 1፣ 2፣ 3። ዛሬ ከተማርናቸው ውጪ አንድም አዲስ ነገር የለበትም። ልጆች ከአያቶቻችሁ ጋር ሥሩት። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንሰማዋለን።

አሁን ድምፁን ላሰማችሁ። ደኅና ሁኑልኝ።

(ማሲንቆው ይቆማል። ድምፅ፦ ጥቅ፣ ጥቅ። አጭር ዝምታ። ጥቅ። አጭር ዝምታ። ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ።)